የሐኪም ሞላ ጥፋት

ጺም ከሸበተ ሰው ሁሉ ሽማግሌ ያደርግሃል። ባለፈው ሳምንት «የአገር ሽማግሌ» የሚል የጥሪ ወረቀት አንድ የባጃጅ ሹፌር የእንጨት ሥራ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። መላጊያዬን አስቀመጥኩና ጋቢዬን ደርቤ ንፋስ መውጫ ከተማ ወዳለው አዳራሽ ወረድኩ። ጓደኛዬ ምናለ እሱም ተጠርቶ ኖሮ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ቦታ ይዞልኝ ጠበቀኝ።

ተቀምጬ ቀና ስል መድረኩ ላይ የተወጠረውን ጨርቅ አነበብኩ። «ወጣቶች ግጭትን በሰላም መፍታትንና መልካም ጠባይን በካራቴ የሚማሩበት ሥልጠና፤ በአካባቢያችን ለመጀመሪያ ጊዜ» ይላል። መነጽሬን አውልቄ ወለወልኩና ደግሜ አነበብኩት። ያው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚለው። ደሜ ፈላ።

ነጭ የለበሱ ልጆች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ወለሉ ላይ ተሰልፈው ቡጢ ይሰነዝራሉ። በልጆቹ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ እንዲያውም ደስ ይላሉ። የምናለ ሁለት ወንዶች ልጆችም ከመካከላቸው ነበሩ። አሠልጣኙም ረጋ ያለ ወጣት ነው፤ «ካራቴ የሚጀምረው ራስን ከመግዛት ነው» አለ፤ ልክ ብሏል። እኔን ያንጨረጨረኝ ከእሱ ቀጥሎ ማይክሮፎኑን የተቀበለው ኃላፊ ነው። «እንዲህ ያለውን ትምህርት አባቶቻችን አላዩትም፤ ለዚህ የታደለው የእኛ ትውልድ ነው» ብሎ አስጨበጨበ። ማን ቢያጨበጭብ ጥሩ ነው? የእኔ እኩዮች! ሐኪም ሞላን በዓይናቸው ያዩ፣ በሬዎቻቸውን ያከመላቸው፣ ከዚህ አገር እንደ ሌባ ሲባረር ቆመው የተመለከቱ ሰዎች ናቸው እጃቸው እስኪቀላ ያጨበጨቡት። ከአግዳሚው ብድግ ልል ስል ምናለ ጉልበቴን ያዘኝ። ጠባዬን ያውቃል።

«ተው፣ አበጀ፣» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ምናለ አንድ ዓይና ነው። ግራ ዓይኑ የጠፋው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነን፣ እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ ሳለሁ ነው። ነገሩን እንደነበረ ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

እኔና እሱ የጎረቤት መንደር ልጆች ነን። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው ከተማው ላይ ብቻ ስለነበር ከገጠር የምንመጣ ተማሪዎች እየተዳበልን ቤት እንከራይ ነበር። እኛም ጣሪያዋ በጥላሸት የጠቆረ አንዲት ክፍል ተከራየን። እሑድ እሑድ ወደየቤታችን ሄደን ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን፤ የእኔ እናት በሶና ድርቆሽ ትልካለች፣ የእሱ እናት ሽሮና የባቄላ ቆሎ። ማን ከማን ከረጢት እንደዘገነ ተጠያይቀን አናውቅም። የሌሊቱን ብርድ የምንችለው ሁለቱን ጋቢ ደርበን አንድ መደብ ላይ በመተኛት ነበር። በታኅሣሥ ጠዋት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ላዩ በረዶ ሠርቶ ይጠብቀናል፤ ፊታችንን የምንታጠበው ያንን በጣሳ ሰብረን ነው። እና እነዚህ የዛሬ ልጆች «ብርድ ነው» ብለው ከክፍል ይቀራሉ ሲባል ስሰማ... ይቅር፣ ሌላ ነገር ውስጥ ልገባ ነው።

ሐኪም ሞላ የከብት ሐኪም ነበር። የእስቴ ሰው ነው፤ መካነ ኢየሱስ አጠገብ ተወልዶ፣ ለሙያው ትምህርት ደብረ ዘይት በሄደበት ጊዜ ካራቴ ተምሮ የመጣ። አጭርና ቀጭን ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ከብት ገበያውን ተሻግሮ ይሰማል። ጠዋት ጠዋት በሬ ሲከትብ ይውልና ከሰዓት በኋላ እኛን ያሠለጥናል፣ እዚያው ከብት በሚከተብበት ግቢ ውስጥ። ስንወድቅ እንዳንጎዳ ከአውድማ ገለባ እየተሸከምን መሬቱ ላይ እንጎዘጉዝ ነበር። የመድኃኒቱ ሽታ ከእበቱ ጋር ተቀላቅሎ ልብሳችን ላይ ያድራል። ልብሳችን ያው አቡጀዲ ነው። ቀበቶ ከየት ይምጣ? የእናቶቻችንን ያረጀ መቀነት ታጠቅን። የሰፈር ሴቶች ይህን ሲያዩ «እናንተ ጎረምሶች፣ ስንተኛ ወራችሁ ነው?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

እሱ እንደ ሌላው አሠልጣኝ አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ ያስተማረን ማቆምን ነው። እግራችንን ለእርግጫ እናነሣለን፣ እሱ «በሕግ አምላክ» ይላል፣ ባለንበት ደርቀን እንቀራለን። የዛሬ ሰው ረስቶት ይሆናል እንጂ በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሦስተኛው ሰው «በሕግ አምላክ» ካለ፣ የተነሣ ዱላ በተነሣበት መቅረት አለበት። ቃሉን መንገደኛ ይናገረው፣ አሮጊት ትናገረው፣ ልዩነት የለውም። ያን ጥሶ የመታ ሰው ጠላቱን ብቻ ሳይሆን ሕግን እንደመታ ይቆጠር ነበር። ሐኪም ሞላ ይህችን የአባቶቻችንን ቃል ወስዶ ካራቴው ውስጥ አስገባት። ጃፓኖቹ ለማስቆም የራሳቸው ቃል አላቸው አሉ፤ እሱ ግን «ለገበያ ጠብ የጃፓን ቃል ምን ይሠራላችኋል?» ይለን ነበር።

«መራገጥ በቅሎም ታውቃለች፣» ይላል ደግሞ። «የሰው ሥራ ጀምሮ መተው ነው።»

ስንጀምርና ስንጨርስ ፊት ለፊት ቆመን ጎንበስ እንባባላለን። ይህን ያዩ አንድ ቄስ «ልጆቻችንን ለሰው ስግደት ታስተምራለህ» ብለው ተቆጥተው መጡ። ሐኪም ሞላ እጁን ታጥቦ ወጣና «አባቴ፣ ስግደት አይደለም፤ እጅ መንሣት ነው። እርስዎንስ መንገድ ላይ ስናገኝዎት እጅ አንነሣም?» አላቸው፤ እያለም ጎንበስ አለ። ቄሱ ጥቂት አሰቡና ባርከውት ሄዱ። በሳምንቱ የገዛ ልጃቸውን ላኩ።

እኔ ከልጅነቴ ቁጡ ነኝ። አሁንም ያው ነኝ፤ ግን ያኔ ቁጣዬ ከአፌ አልፎ እጄ ላይ ነበር። አንድ ቀን የውሃ ወረፋ ስንጠብቅ አንድ ጎረምሳ ጀሪካኔን በእግሩ ገፍቶ የራሱን አስቀደመ። እጄን እንዳነሣሁ ምናለ ከኋላዬ በሹክሹክታ «በሕግ አምላክ» አለኝ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ሰማ፤ አየር ላይ ቀረ። ጎረምሳው የሚያሾፍበት አጥቶ ጀሪካኑን መለሰ። ያን ማታ ለሐኪም ሞላ ስንነግረው በሬ ወልዶ ያገኘ ይመስል ሳቀ፤ ከሳቁም ብዛት መቀመጫው ላይ መቆየት አልቻለም። ያን ቀን ካራቴ የገባኝ መሰለኝ።

ጥር ላይ፣ የገብሱ ውቂያ ሳያልቅ፣ የምናለ ቤት በሬዎች አጥር ጥሰው የእኛን ክምር በሉት፤ ያልበሉትንም ረጋግጠው አበላሹት። አባቴ ሊናገር ሄደ። የምናለ አባት «አጥርህን ብታጠብቅ ኖሮ በሬዎቼ ምን ይሠሩ ነበር?» አሉት። ነገር ነገርን ወለደና በትር ተማዘዙ። የአባቴ ክንድ ተሰበረ።

አጎቴ ደሴ፣ የአባቴ ታናሽ ነው፣ በሦስተኛው ቀን የተከራየናት ክፍል ድረስ መጣ። እኔና ምናለ ከአንድ ሰሃን ሽሮ እየበላን ነበር። ምናለ ተነሥቶ «አያ ደሴ፣ ይቀመጡ፤ እንብላ» አለው። አጎቴ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

«የወንድሜን ክንድ ከሰበረው ሰው ልጅ ጋር ትጎርሳለህ?» አለኝ። «መቀነት መታጠቅህን ሰምቼ ነበር፤ ሴት መሆንህን ግን ገና ዛሬ አየሁ» ብሎኝ ወጣ።

ምን ዓይነት ነገር ነው? ክንዱ የተሰበረው አባቴ ራሱ «ልጄ፣ ትምህርትህን ተማር» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣውም። ሌላው ነው ወንድነት የሚያስተምረኝ። ይሁን እንጂ ያ ቃል አንጀቴን በላው፤ ካራቴ ላይ ስቆም ወገቤ ላይ ያለው መቀነት ያቃጥለኝ ጀመር። ከምናለ ጋር አንድ መደብ ላይ እንተኛለን፣ ግን ጀርባ ለጀርባ ነው።

በገበያ ቀን ሁለታችንም ከተማ ነበርን። የእነሱም የእኛም ዘመዶች ሽመላቸውን ይዘው እህል ተራው አጠገብ ተሰብስበዋል፤ አንዱ ወገን ከወዲህ፣ ሌላው ከወዲያ። የምናለ የአጎት ልጅ እየሳቀ «አበጀ፣ ዘንድሮ የአባትህን እርፍ ማን ሊይዘው ነው? እናትህ?» አለኝ። የእነሱ ወገን ሳቀ። አጎቴ ከኋላዬ ጠጋ ብሎ «ሰማህ አይደል?» አለኝ። ምናለ ይህን ሲያይ ሮጦ መካከል ገባ፤ ሊያስታርቅ ነው የገባው። እኔ ደግሞ ዓይኔ ደም ለብሶ የተሳደበውን ትቼ ፊቴ ያገኘሁትን ረገጥኩ። አዎ፣ ጓደኛዬን። እርግጫው ጭኑ ላይ አረፈ።

«አበጀ፣ እኔ ነኝ እኮ፣» አለኝ።

ዳግመኛ እግሬን አነሣሁ። ያኔ ሐኪም ሞላ ከከብት ተራው፣ እጅጌውን እንደሰበሰበ፣ እየሮጠ ብቅ አለና ባለ በሌለ ድምፁ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። እግሬ አየር ላይ ቀረ። ምናለም እንደተማርነው ሁለት እጁን አወረደና ወደ ድምፁ ዞር አለ። እህል ተራው ሁሉ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከቀኝ ትከሻዬ በላይ አንድ የወይራ ሽመል አልፎ ምናለ ፊት ላይ አረፈ። ዞር ስል የአጎቴን ፊት አየሁ። ዱላውን ጣለና ሰው መሐል ገባ።

ከዚያ ወዲያ ግርግር ሆነ፤ ማን ማንን እንደሚመታ አይታወቅም። ምናለ ግራ ዓይኑን ይዞ ጤፍ በተሰጣበት ጆንያ ላይ ወደቀ። ሐኪም ሞላ በጀርባው አዝሎት ሮጠ። ደብረ ታቦር ድረስ የወሰደውም እሱ ነው። ዓይኑ ግን አልተረፈም።

በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌ ተቀመጠ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ጥድ ሥር፣ የእኛ ዘመዶች በአንድ በኩል፣ የእነሱ በሌላ በኩል፣ ሽማግሌዎቹ መካከል ሆኑ። የመታው ሰው ከታወቀ ነገሩ በእርቅ እንደማያልቅ ሁሉም ያውቃል፤ የምናለ ወንድሞች ዓይናቸው ቀልቶ ስም ብቻ ነበር የሚጠብቁት። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አያ ቢያድግ ናቸው፤ መስቀሉን አስይዘው አንድ በአንድ ጠየቁ። ሁሉም «ግርግር ነበር» አለ። ምናለን ጠየቁት። ዓይኑ በፋሻ እንደታሰረ «አላየሁም» አለ። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ፊት ለፊቱ ነበርክ። ማን መታው?»

አጎቴ አጠገቤ ተቀምጧል። መሬት መሬት እያየ የሣር ሰበዝ ይሰባብራል። «አላየሁም» አልኩ። መስቀሉን ይዤ ነው ያልኩት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው። የእኔ ነቅዟል፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ውስጤ ሲነቅዝ ስሰማው ኖሬያለሁ።

ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ዞር ብለው ተማከሩና ተመለሱ። አያ ቢያድግ ጉሮሯቸውን አጥርተው «ሁለቱ ቤቶች ጥል የላቸውም» ብለው ጀመሩ። «ዱላው የግርግር ዱላ ነው፤ ባለቤት የለውም። ልጆቹን እርግጫ ያስተማራቸው፣ ደግሞም ቆመው እንዲመቱ ያደነዘዛቸው ይህ ባዕድ ነገር ነው።» አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንግዲህ ይህ ነው! ለምናለ ወገን ቂም የሚይዙበት ሰው ጠፋላቸው፤ ለእኛ ወገን የሚደበቅ ሰው ተደበቀ። ሁለት ቤት ታረቀ፤ ሒሳቡ ግን ዘመድ በሌለው፣ ከእስቴ በመጣ የከብት ሐኪም ላይ ተጣለ። እነዚያ ሽማግሌዎች ሞኝ አልነበሩም። የሚያደርጉትን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝም ይህ ነው።

ሐኪም ሞላን አስጠርተውት ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። «ጥፋትህን ታምናለህ?» አሉት። እኔን አየኝ። ምናለን አየው፤ እሱን ረዘም አድርጎ ነው ያየው። ከዚያ በሁለቱም ወገን ሽመል ተደግፈው የተቀመጡትን ጎረምሶች አየ።

«አምናለሁ፣» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ያን ጊዜ ጉባኤው ሁሉ ተነፈሰ። የእርቁን በግ እየጎተተ የመጣው ማን መሰላችሁ? አያ ደሴ! የምናለን አባት ጉልበት ስሞ፣ አልቅሶ፣ ከጥሬ ሥጋው መጀመሪያ ተቆርጦለት በላ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። እኔም በላሁ።

የመከተቢያው ግቢ ተዘጋብን፤ ሐኪም ሞላም ወደ ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ከተማ እንዲዛወር ተደረገ። በሚሄድበት ጠዋት መኪና መቆሚያው ጋ ሄድኩ። ጭነት መኪናው ጨው ጭኖ ነበር፤ እሱ ከላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ የመርፌ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጓል።

«ያልሠሩትን ጥፋት ለምን አመኑ?» አልኩት። ተቆጥቼ ነበር። እሱ ላይ!

«ሠርቻለሁ እንጂ፣» አለኝ። «እናንተን መቆም አስተማርኳችሁ። ዙሪያችሁን ለቆመው ሰው ግን ምንም አላስተማርኩም። ቃሉን ሰምቶ የማይቆም ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። ምናለ እጁን ያወረደው በእኔ ድምፅ ነው፣ አበጀ።» ከላይ ጎንበስ ብሎ «አንተስ በእውነት አላየህም?» አለኝ።

«አላየሁም፣» አልኩት።

«ደህና። ከምናለ ጋር ቤት እንዳትለያዩ።» መኪናው ተነሣ። የስማዳ መንገድ ያኔ ድንጋይ በድንጋይ ነው፤ እየተንገጫገጨ ከዓይኔ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት። ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም። ወገዳ ላይ ስንት ዓመት በሬ ሲያክም ኖሮ እንደሞተ ሰማሁ፤ ካራቴ የሚባል ነገር ግን ለማንም አስተምሮ እንደማያውቅ ነው የነገሩኝ። ስንቱን ልጅ ከስንቱ ዱላ ሊያተርፍ የሚችል ሰው የበሬ ጅራት ሲይዝ እንዲሞት የፈረዱበት እነማን ናቸው? ዛሬ «ለመጀመሪያ ጊዜ» ብለው የሚያጨበጭቡት አይደሉም?

እንግዲህ ይህ ሁሉ ውስጤ እየተንተከተከ ነው ባለፈው ሳምንት ማይክሮፎኑ እኔ ጋ የደረሰው። ከእኔ በፊት የተናገሩት አዛውንት «የእኛ ሽምግልና ሐቅን አይስትም፤ ከሥሩ ነቅሎ ይፈርዳል» ብለው ተቀመጡ። ይህን እየሰማሁ ዝም ልበል? ምናለ ጋቢዬን ያዘ። አስለቀቅኩት።

«ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም፣» አልኩ። ሐኪም ሞላ የሚባል ሰው እንደነበረ፣ ምን እንዳስተማረን፣ በምን እንደተባረረ ተናገርኩ። «የምናለን ዓይን ያጠፋው ካራቴ አይደለም። ያጠፋው የእኔ አጎት ደሴ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ መስቀል ይዤ አላየሁም ያልኩ ውሸታም ነኝ» ብዬ ማይክሮፎኑን ሰጠሁ። ኃላፊው ሰዓቱን አየና «አባታችንን ስለ ምክራቸው እናመሰግናለን፤ የሻይ ሰዓት ስለደረሰ ቀሪውን በዚያው እንወያይበታለን» አለ። ምክር! እሱን ተዉት። እኔ ግን ቀለለኝ። ላብ አጥምቆኛል፣ ደረቴ ግን ቀለለኝ። ምናለ የሚያቅፈኝ መስሎኝ ተከትዬው ወጣሁ።

ሻይ አልያዘም። በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ቀለለህ?» አለኝ።

«ሠላሳ ምናምን ዓመት ተሸክሜው...»

«እኔስ? አላየሁም ያልኩት ሳላይ ቀርቼ መሰለህ? በሁለት ዓይኔ ያየሁት የመጨረሻ ነገር የአያ ደሴ ፊት ነው።»

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ አንድ መደብ ላይ ተኝተን፣ አንዳችን የሌላውን ልጅ ክርስትና አንሥተን፣ ይህን አንድም ቀን አልነገረኝም።

«አይቻለሁ ብል ወንድሞቼ በማግስቱ ይገድሉት ነበር፣» አለ። «ቀጥሎ የእናንተ ሰዎች ከእኛ አንዱን ይገድላሉ፤ ምናልባት አንተን ነበር የሚልኩት። ሐኪም ሞላ ይህን አውቆ ነው ጥፋቱን የተሸከመው። ሲያየኝ ገብቶኛል፤ እኔም ገብቶኝ ነው ዝም ያልኩት። አንተ ፈርተህ ዝም አልክ። መፍራትህ ምንም አይደል፤ ልጅ ነበርን። ዛሬ ግን እነዚያ ውስጥ ያሉት የእኔ ልጆች ናቸው። የአያ ደሴ የልጅ ልጅ ከእነሱ ጎን ነው የቆመው። አባታቸውን ማን እንዳሳወረው እስከ ዛሬ ጠዋት አያውቁም ነበር።»

በበሩ ወደ ውስጥ አየሁ። ሌሎቹ ልጆች ሻይ ላይ ተበታትነዋል። የአጎቴ የልጅ ልጅ፣ አሥራ ስምንት ቢሆነው ነው፣ ብቻውን ወለሉ መካከል ቆሟል፤ የሚሄድበት የጠፋው ይመስላል። የምናለ ትልቁ ልጅ ትክ ብሎ ሲያየው ቆየና ወደ እኛ ወጣ። እኔን በጋሼ አክብሮ ያደገ ልጅ ነው። ያን ቀንም ጋሼ አለኝ።

«ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ሐኪም ሞላ ጥፋቱ የእኔ ነው ሲሉ እርስዎ የት ተቀምጠው ነበር?»

በሽማግሌዎቹ ልቆጣ ፈለግኩ። በአጎቴ፣ በኃላፊው፣ በዚያ ጨርቅ ልቆጣ ፈለግኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲያገለግለኝ የኖረው ቁጣ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አንድ ቃል አላቀበለኝም። «ከአጎቴ ጎን፣» አልኩት።

ልጁ አንገቱን ነቀነቀ። አባቱን አየው። ተመልሶ ገባና ሰልፉ ላይ በጠዋቱ ቦታው፣ ከአጎቴ የልጅ ልጅ ጎን ቆመ። አልተያዩም። አሠልጣኙ ሲጠራቸው ግን ሁለቱም እኩል ተንቀሳቀሱ። እኔና ምናለ ሻዩም ምሳውም ሳያምረን ሥልጠናው እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆመን ስንጠብቃቸው ዋልን።

ለሐኪም ሞላ ፍርድ የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር። ለካ የጠየቅኩት ለራሴ እረፍት ነው፤ ሁለት ሰዎች አንዱ በዓይኑ ሌላው በስሙ ከፍለው ያቆዩትን ሰላም ለአንድ ቀን እፎይታዬ ሸጥኩት። እውነቱ መነገር አልነበረበትም አልልም። ግን እውነት የሚነገርበት ጊዜ ነበረው፤ ያን ጊዜ ሐኪም ሞላ ጨው ላይ ተቀምጦ፣ መኪናው ሳይነሣ፣ ጠይቆኝ ነበር። ለፊታችን እሑድ ምናለ ቤት እንድመጣ ልኮብኛል፤ ልጆቹም የአጎቴም የልጅ ልጅ ይመጣሉ። የሚጠይቁኝን ይጠይቁኛል። በማንም ሳልቆጣ መመለስ አለብኝ።